ሁለት መስመር አለን፣ ግን አብረው ይጠፋሉ፤ ይህን እንዴት እንለካው?

የፒያሳው ቴክኒሻን
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ሰነበታችሁ።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የጤና ተቋም የኔትወርክ ሥራ እሠራለሁ። ሦስት ሕንፃ አለን። ዋናው ፒያሳ ነው፤ ሌሎቹ ማራኪና አዘዞ። የላቦራቶሪ ውጤት፣ የካርድ ክፍል መዝገብ፣ የፋርማሲ ትዕዛዝ፣ ሁሉም የሚቀመጠው ፒያሳ ባለው ሰርቨር ላይ ነው። መስመር ከጠፋ አዘዞ ያለው ሐኪም የታካሚውን ታሪክ ማየት አይችልም።

ለዚህ ነው ሁለት መስመር ያስገባነው። አንዱ ፋይበር ነው። ሌላው በሲም ካርድ የሚሠራ 4ጂ። ፋይበሩ ሲሄድ ራውተሩ ራሱ ወደ 4ጂ ይዞራል። ያኔ ለአለቆቼ ያቀረብኩት ሒሳብ ቀላል ነበር። ፋይበሩ ከጊዜው 2 በመቶ ቢጠፋ፣ 4ጂው 3 በመቶ ቢጠፋ፣ ሁለቱ አብረው የሚጠፉት 0.02 በ0.03 ሲባዛ ነው። 0.0006 ይመጣል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነው። ስለዚህ በዓመት 5 ሰዓት ከሩብ ገደማ ብቻ እንቋረጣለን ብዬ ጽፌ ፈርሜ ሰጠሁ።

ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ በየደቂቃው የሁለቱንም ሁኔታ በአንድ ላፕቶፕ መዘገብኩ። ዛሬ ደመርኩት። ፋይበሩ የጠፋው 175 ሰዓት ነው። ልክ 2 በመቶ። 4ጂው 263 ሰዓት። እሱም 3 በመቶ። ሁለቱ አብረው የጠፉት ግን 61 ሰዓት!

እያንዳንዱ ቁጥር ልክ ሆኖ ድምሩ እንዴት ይሳሳታል?

ከነዚያ ሰዓቶች አንዱን አልረሳውም። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዝናቡ ያለ ልክ ይጥላል። አዘዞ አንዲት ወላድ ነበረች። የደም ምርመራ ውጤቷ ፒያሳ ወጥቷል። መስመር የለም። ስልክም አይጠራም። በመጨረሻ ውጤቱ በእጅ ተጽፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በባጃጅ አዘዞ ወረደ። እናትየዋም ልጁም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያን 5 ሰዓት ከሩብ የምትለዋን ወረቀት ሳስባት ደስ አይለኝም።

የአንዱ ዕቃ መበላሸት የሌላውን መበላሸት ምን ያህል እንደሚጎትት በቁጥር ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የምታውቁ እርዱኝ።


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡25

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ምስጋና ይገባሃል። ብዙ ሰው የሚመዘግበው የጠቅላላውን መቋረጥ ብቻ ነው። አንተ ሁለቱን ለየብቻ መዝግበሃል። ሁሉም ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ስህተቱ ያለው ማባዛቱ ላይ ነው። ማባዛት የሚቻለው አንዱ መጥፋቱ ስለ ሌላው ምንም የማይነግርህ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ጠይቅ፦ ፋይበሩ በጠፋባቸው 175 ሰዓቶች ውስጥ 4ጂው ስንቱን ሰዓት አልነበረም? 61ዱን። ይህ 35 በመቶ ነው። በዓመቱ ግን 4ጂው የሚጠፋው 3 በመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ ያ ባክአፕ በጣም በምትፈልገው ሰዓት ከሌላው ጊዜ ከ11 እጥፍ በላይ ደካማ ነው። እኔ ብሆን ለአለቆች የማቀርበው ይህንን አንድ ቁጥር ነው።

የኑክሌር ጣቢያ ደህንነት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን ድርሻ «ቤታ» ይሉታል። ከአንድ ዕቃ ብልሽት ውስጥ ጓደኛውንም አብሮ የሚወስደው ስንት እጅ ነው ማለት ነው። የአንተ ፋይበር ቤታ በሰዓት ሲለካ 0.35 ነው።


አንገረብ ማዶ
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡50

ተማሪ ነኝ። ትናንት ማታ በነዚህ ቁጥሮች የትስስር መለኪያውን (ኮሪሌሽን፤ 0 ሲሆን ትስስር የለም፣ 1 ሲሆን ፍጹም ነው) አሰላሁት። አብረው የጠፉበት ድርሻ 0.00696 ነው። ከዚያ 0.0006 ቀነስኩ። ከዚያ ለ0.0239 አካፈልኩ፤ ይህ የሁለቱ መደበኛ ልይይቶች (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) ብዜት ነው። 0.27 መጣ።

ግን ክፍል ውስጥ 0.27 ደካማ ትስስር ነው ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ እንዴት 11 እጥፍ ይሆናል?


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 3፡05

ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ስሌትሽም ልክ ነው። 0.27 «ደካማ» የሚባለው ስለ ቁመትና ክብደት ስታወሪ ነው። አልፎ አልፎ ለሚከሰት ነገር ግን መለኪያው ያታልላል። ከ8,760 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ያ ጊዜ ስለ አደጋው ምንም አይነግርሽም። አንቺ የምትፈሪው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሿን ሳጥን፣ ሁለቱም የጠፉበትን ሰዓት ነው። ተነጣጥለው ቢሆን 5.25 ሰዓት ይገባባት ነበር፤ የገባው 61 ነው። ሁለቱን አካፍይ፣ 11.6 ነው። ለኔትወርክ ሥራ ይህ ጥምርታ ይሻላል። በጣም የተሻለ ዕቃ ስትገዢ የጥምርታው አስፈላጊነት ጭራሽ ይብሳል፤ የተናጠል ብልሽት ሲያንስ የሚቀረው የጋራው ነውና።


የድሮ መስመር
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡30

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ከምሰሶና ከሽቦ ጋር ነው ያረጀሁት። ቁጥሩን ተዉትና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋይበሩ በየት በኩል ነው ከሕንፃችሁ የሚወጣው? የ4ጂው ታወርስ ከየት ነው የሚመገበው?

ሰው 4ጂ ሲባል አየር ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። አየር ላይ የሚሄደው ከእጅህ እስከ ታወሩ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አንዳንዱ ታወር በማይክሮዌቭ፣ አንዳንዱ በፋይበር ነው የሚቀጥለው። ያ ፋይበር የእናንተው ፋይበር ባለበት ቦይ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። መንገድ ሲሰፋ፣ ኮብልስቶን ሲነሳ፣ የውኃ ቧንቧ ሲጠገን አንድ ዶማ ሁለቱን ይቆርጣል። አንተ ሁለት መስመር ገዛሁ ትላለህ። ከመሬት በታች አንድ ነው።

በወረቀት ሥራው። የከተማውን ካርታ ዘርጋና ሁለቱን መንገድ በሁለት እስኪርብቶ ሳል። ተደራርበው የሚሄዱበትን ቦታ ሁሉ ክበብ አድርግ።


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 9፡15

ጋሼ እንዳሉት ነው። በትልልቅ አገርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2001 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ሃዋርድ ስትሪት በሚባል የባቡር ዋሻ ውስጥ የጭነት ባቡር ሐዲዱን ስቶ ተቃጠለ። በዋሻው ውስጥ የተለያዩ ድርጅቶች የፋይበር ኬብሎች ያልፉ ነበር። እሳቱ በላቸው፤ ኢንተርኔቱ ከከተማዋ ውጭም ሳይቀር ተጓተተ። በውል ወረቀት የተለያዩ ድርጅቶች ነበሩ። ዋሻው ግን አንድ ነው።


ላብ አዘዞ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡40

እኔ የኔትወርክ ሰው አይደለሁም። ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ያን የባጃጅ ሌሊት ስላነበብኩ ነው የገባሁት፤ እኛም ቤት ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እናንተ «አለ» የምትሉት መስመር ለእኔ ብዙ ጊዜ የለም። ፋይበሩ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ «ተገናኝቷል» ይላል። ውጤቱን ለመላክ ስሞክር ግን ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይቆማል። የሁላችንም ኮምፒውተር በአንዲት ሲም ላይ ተደርድሮ፣ የሰፈሩም ሰው ቤቱ ያለው ዋይፋይ ሲጠፋ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሮ፣ እንዴት ይችላል? በጥምቀት ጥር 11 ፋሲል መዋኛ አካባቢ ቆመሽ ፎቶ ለመላክ መሞከር ነው። አራት መስመር ምልክት አለ፤ ፎቶው አይሄድም።

ሒሳባችሁ ውስጥ ይህ የት ነው ያለው?


የፒያሳው ቴክኒሻን
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 3፡00

እህቴ፣ ልክ ነሽ። አልነበረም። እኔ የምመዘግበው ፒንግ ነው። ፒንግ «አለህ?» ብላ የምትጠይቅ ትንሽ መልእክት ናት፤ በተጨናነቀ መስመርም ታልፋለች። ከነገ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የአንድ ውጤት መጠን ያለው ፋይል ልኬ በ30 ሰከንድ ካልደረሰ «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ይህ ማለት 61 ራሱ ከእውነቱ ያነሰ ነው።

ጋሼ፣ የሰጡኝን የካርታ ሥራ ነገ እጀምራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።


ብልኮ
ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 2፡20

የላቧ እህት ያነሳችው ከጋራ ቦዩ የተለየ ነገር ስለሆነ ልለየው። ቦዩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚገድል የጋራ ምክንያት ነው። የእሷ ግን ሸክም ነው። አንዱ ሲወድቅ የእሱ ሸክም ወደ ቆመው ይሄዳል፤ የቆመውም ይጎብጣል። እዚህ ላይ መጀመሪያ የወደቀው ራሱ ነው ሁለተኛውን የሚጥለው።

መዝገቡ ላይ ሁለቱን መለየት ይቻላል። ሰዓቱን እዩ። የጋራ ምክንያት ከሆነ ሁለቱ በተመሳሳይ ደቂቃ፣ ወይም ማንኛቸውም ቀድመው ይጠፋሉ። ሸክም ከሆነ ግን ሁልጊዜ ፋይበሩ ይቀድማል፤ 4ጂው ከደቂቃዎች በኋላ ይከተላል፤ 4ጂው ቀድሞ ሲጠፋ ደግሞ ፋይበሩ ምንም አይሆንም። ቅደም ተከተሉን ቁጠር።

ሌላ፣ ላፕቶፑ የት ነው የተሰካው? መለኪያው ዕቃ ከሚለካው ኔትወርክ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ከሆነ፣ ትልቁ አደጋ በመጣ ቀን መዝገቡም ባዶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ሲጠፋ የሆነው ይኸው ነው። በጥገና ወቅት በተሰጠ ትዕዛዝ የውስጥ ዋና መስመራቸው ወረደ። ለመጠገን የሚጠቀሙባቸው የራሳቸው መሣሪያዎችም በዚያው መስመር ላይ ስለነበሩ አብረው ወረዱ።


የፒያሳው ቴክኒሻን
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡00

ይቅርታ፣ ሳምንት ቆየሁ። መዝገቡን እንደገና ከፍቼ እየቆጠርኩ ነበር።

ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ አለው፤ በየሰዓቱ የሚነቃ አይደለም፣ ሁልጊዜ ክፍት ነው። እና አንድ ያላሰብኩት ሀብት መዝገቡ ውስጥ አገኘሁ። ቻርጅ ላይ መሆን አለመሆኑንም በየደቂቃው ይጽፍ ኖሯል። ማለትም መብራት መቼ እንደሄደ የዓመት ታሪክ በእጄ ነበረ!

መብራት ያልነበረው 400 ሰዓት ነው። በዚያ ውስጥ ፋይበሩ 70 ሰዓት፣ 4ጂው 150 ሰዓት፣ ሁለቱም አብረው 48 ሰዓት ጠፍተዋል። መብራት በነበረባቸው 8,360 ሰዓቶች ደግሞ ፋይበሩ 105፣ 4ጂው 113፣ አብረው 13።

ስለዚህ ከ61ዱ 48ቱ መብራት ነው። 13ቱስ? ከነሱ 11 ሰዓቱ ሁለት ቀን ላይ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም ቀን ሁለቱ መስመሮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው የጠፉት። ከካርታው ጋር አስተያየሁት። ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ዳር ቁፋሮ ነበረ፤ ፋይበራችንና የታወሩ ፋይበር በዚያ ቦታ አንድ ቦይ ውስጥ ናቸው።

ያልገባኝ ግን አለ። መብራት በጠፋባቸው 400 ሰዓቶች ውስጥ እንኳ ብናባዛ 70 ሲባዛ 150 ሲካፈል 400፣ 26 ነው የሚመጣው። የተመዘገበው 48 ነው። መብራቱን አውቄም አሁንም የተሳሰሩ ናቸው። ምን ቀረ?


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 5፡10

መብራት መጥፋቱን አወቅህ፤ ከጠፋ ስንት ሰዓት እንደሆነው ግን አላየህም። ታወሩም ባትሪ አለው። የፋይበሩም ካቢኔ (የመሣሪያ ሳጥኑ) ባትሪ አለው። መጀመሪያ ሁለቱም በባትሪ ይሠራሉ። ባትሪ ሲያልቅ ሁለቱም ይሄዳሉ። 400ውን ሰዓት ለሁለት ክፈለው።


የፒያሳው ቴክኒሻን
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 12፡45

ሌሊቱን ሠራሁት። 400ውን ሰዓት መብራት ከሄደ አራት ሰዓት በሞላበት ላይ ከፈልኩት።

መብራት ከሄደ ገና አራት ሰዓት ያልሞላባቸው ጊዜያት ሲደመሩ 260 ሰዓት ናቸው። በዚያ ውስጥ ፋይበር 10፣ 4ጂ 42፣ አብረው 2። በማባዛት የሚጠበቀው 1.6 ነው።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያሉት 140 ሰዓት ናቸው። ፋይበር 60፣ 4ጂ 108፣ አብረው 46። በማባዛት የሚጠበቀው 46.3 ነው።

ጠፋ! ትስስሩ ጠፋ። ባትሪ ያለቀበትን ሰዓት ካወቅሁ፣ አንዱ መጥፋቱ ስለ ሌላው ምንም አይነግረኝም። ዓመቱን ሙሉ ሁለት መስመር እየተሳሳቡ መስሎኝ ነበር። ሁለቱንም የሚስበው ያ 140 ሰዓት ነው።


አንገረብ ማዶ
ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2፡30

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ በቀመር ብቻ ነበር የማውቀው። ታዲያ አሁን ገንዘብ ቢገኝ ምን ላይ ይዋል? ሦስተኛ መስመር ወይስ ባትሪ?


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6፡20

ለዚህ መለኪያ አለ። ዚግመንት ቢርንባም የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበው ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ የአንዱን ዕቃ ጥንካሬ በጥቂቱ ብጨምር የጠቅላላው አስተማማኝነት በስንት ይጨምራል? ያ የዕቃው ጠቀሜታ ይባላል።

በኋላ የመጡት አንድ እርምጃ ጨመሩበት። የአንዱ ዕቃ ጠቀሜታ የሌላው ጥንካሬ ሲቀየር በስንት ይቀየራል? ይህ የሁለቱ ጣምራ ጠቀሜታ ነው። በሒሳብ ቋንቋ ሁለት ጊዜ ዴሪቬቲቭ መውሰድ ነው፤ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው።

ምልክቱ ብዙ ይናገራል። ኔጌቲቭ ከሆነ ሁለቱ ተተኪ ናቸው፤ አንዱ ሲጠነክር ሌላው ያን ያህል አያስፈልግም። ፖዘቲቭ ከሆነ ተደጋጋፊ ናቸው፤ አንዱ ሲደክም በሌላው ላይ ያወጣኸው ብር ዋጋ ያጣል።

በአንተ ኔትወርክ እንሞክረው። «ሀ» ባትሪ ያላለቀበት ጊዜ ይሁን፤ 8,620 ሲካፈል ለ8,760፣ 0.984። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፋይበሩ የሚሠራው 0.987፣ 4ጂው 0.982 ነው። ባትሪ ካለቀ ሁሉም ቆሟል እንበል። ጠቅላላው «ሀ» ሲባዛ በ«ቢያንስ አንዱ መስመር አለ» ነው።

የፋይበሩ ጠቀሜታ 0.018 ገደማ ነው። የኤሌክትሪኩ፣ ማለትም የ«ሀ»፣ 0.9998 ገደማ። ከ50 እጥፍ በላይ ነው። የፋይበርና የ4ጂ ጣምራ ጠቀሜታ ኔጌቲቭ 0.984፤ ተተኪ ናቸው። የኤሌክትሪክና የፋይበር ፖዘቲቭ 0.018፤ ተደጋጋፊ ናቸው። ኤሌክትሪኩን ሳትነካ ፋይበሩን ብታሳምረው ትርፉ በጣም ትንሽ ነው።


ብልኮ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1፡15

መንገዱን እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልቀበልም። «ባትሪ ካለቀ ሁሉም ቆሟል» ትክክል አይደለም። ከ140ው ሰዓት አብረው የጠፉት 46 ናቸው። በ94ቱ ቢያንስ አንዱ ነበር። ሞዴሉ ኤሌክትሪኩን ከሚገባው በላይ አከበደው።

ስለዚህ በቀጥታ እናስላ። አሁን በዓመት 61 ሰዓት ነው። ሦስተኛ መስመር ጨመርን እንበል፤ እሱም በዚያው መብራት ላይ ሆኖ በነዚያ 140 ሰዓቶች ውስጥ ለምሳሌ 70 በመቶ ይጠፋል። 46ቱ ወደ 32 ይወርዳል። የጋራ ቦዩ 11 ሰዓት እንዳለ ይቀራል። የቀሩትን 4 ሰዓቶች ሁሉ ቢያድን እንኳ የገዛነው 18 ሰዓት ነው ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ያን 140 ሰዓት ብናጠፋው 61ዱ ወደ 15 ይወርዳል። የቀመር ወዳዱ መልስ አይቀየርም። ቁጥሩ ግን 50 እጥፍ አይደለም፣ ከ2 እጥፍ ተኩል ትንሽ ይበልጣል።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ባትሪ ትዝታ አለው። መብራት አምስት ሰዓት ጠፍቶ፣ ለአንድ ሰዓት መጥቶ እንደገና ከሄደ፣ አሁን አራት ሰዓት የለህም፤ ባትሪው አልሞላም። በተደጋጋሚ እስከ ታች የተሟጠጠ ባትሪ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ዘንድሮ አራት ሰዓት የነበረው ለሚቀጥለው ክረምት ሦስት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዓመት አንዴ ለክተህ አትተወው።

ኔትወርኩ ሲያድግ ደግሞ እንዲህ በእጅ አይሆንም። እያንዳንዱ መስመር ወይ አለ ወይ የለም። 20 መስመር ካለህ 1,048,576 ሁኔታ ነው። ሠላሳ ከሆነ ከአንድ ቢሊዮን በላይ። ሌስሊ ቫሊያንት የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ይህ ችግር በባሕርዩ ከከባዶቹ የቆጠራ ችግሮች ተርታ እንደሆነ አሳይቷል። ለዚያ በኮምፒውተር ማስመሰል (ሲሙሌሽን) ይሻላል። ኤክሴል ላይ እያንዳንዱን ረድፍ አንድ ሰዓት አድርግ። መጀመሪያ ለመብራቱ ዕጣ ጣል፤ ቀጥሎ በወጣው መሠረት ለሁለቱ መስመሮች። መቶ ሺህ ረድፍ ሥራና ቁጠር። ከዚያ የመብራቱን ዓምድ አጥፍተህ ድገመው። ልዩነቱ የትስስሩ ዋጋ ነው።


ቀመር ወዳዱ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 2፡00

ብልኮ፣ ልክ ነህ። ሞዴሌ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም ነበር፤ የአንተን ቁጥር ውሰዱ።


የድሮ መስመር
ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 3፡40

ልጆቼ፣ ስሌታችሁ ደስ ይላል። ግን ያን 140 ሰዓት ማን ነው የሚያጠፋው? የታወሩ ባትሪ የዚህ ልጅ አይደለም። ከፍቶ መቀየር አይችልም። ጄኔሬተር ላይ ቢቆጠር እንኳ ነዳጅ ሲጠፋ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ነው የሚቆመው፤ እሱም ሌላ የጋራ ቦይ ነው።

የሚችለው አንድ ነገር አለ። ከተማዋ ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጨልምም። አራዳ ሲጠፋ ማራኪ የሚበራበት ጊዜ አለ፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ የተለያየ ነው። ጎንደር ደግሞ ኮረብታ ነች። ጣሪያ ላይ ወጥተህ አቅጣጫ ያለው አንቴና ብትተክል፣ ሩቅ ያለ ሌላ ታወር መያዝ ትችላለህ። ከሌላ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመገብ፣ በሌላ ቦይ የሚሄድ። ሲግናሉ ትንሽ ቢያንስም ግድ የለም። የምትገዛው ፍጥነት ሳይሆን ልዩነት ነው።

ስትጨርስ ክረምትን አትጠብቅ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለሁሉም ተናግረህ፣ ወረቀቱም ተዘጋጅቶ፣ ፋይበሩን በእጅህ ንቀለው። ምን እንደሚከተል ቁጭ ብለህ እይ።


ላብ አዘዞ
ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡05

ስትነቅሉት ለእኛም ንገሩን። ሌሊት ተረኛ ላይ አይሁን።


የፒያሳው ቴክኒሻን
ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 2፡30

ወራት አለፉ፤ ቃል ስለገባሁ ተመልሻለሁ።

ጋሼ እንዳሉት ግንቦት ላይ ጣሪያ ላይ አንቴና ተከልን። መብራት ሲሄድ የትኛው ሰፈር አብሮ እንደሚጨልም ለሦስት ወር ከሰው እየጠየቅኩ ጻፍኩ፤ ከእኛ ጋር ብዙም የማይጨልመውን አቅጣጫ መረጥኩ። አሮጌውን ሲም አላነሳሁትም። ለማነጻጸር ጎን ለጎን መመዝገቡን ቀጠልኩ። መለኪያውም አሁን ፒንግ አይደለም፤ የላቧ እህት እንዳለችው ፋይል መላክ ነው።

ያለፉት 60 ቀናት 1,440 ሰዓት ናቸው። ክረምቱም ገብቷል፣ ነጎድጓዱም አልጎደለም። ፋይበሩ 41 ሰዓት ጠፋ። አሮጌው 4ጂ 52 ሰዓት፤ ከፋይበሩ ጋር አብሮ 15 ሰዓት። ተነጣጥለው ቢሆን 1.5 ነበር። ጥምርታው 10 ነው፣ እንደ ዱሮው። አዲሱ 4ጂ 30 ሰዓት ጠፋ፤ ከፋይበሩ ጋር አብሮ 3 ሰዓት። የሚጠበቀው 0.85 ነበር። ጥምርታው 3.5።

ሁለት ወር ትንሽ ጊዜ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ መጥፎ ሌሊት ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል። ግን 15 እና 3 አንድ አይደሉም። ከ12ቱ የዳኑ ሰዓቶች ሰባቱ ሌሊት ናቸው፤ እኔ ሌሊቱን ነው የቆጠርኩት።

የቀሩትን 3 ሰዓቶችም አየኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሆነው። ፋይበሩም አዲሱ 4ጂም የሚገቡት አንድ ራውተር ውስጥ ነው። የእሱ አዳፕተር ተቃጠለ። ሁለት መስመር፣ ሁለት ቦይ፣ ሁለት የኤሌክትሪክ መስመር አድርጌ፣ መጨረሻ ላይ አንድ በር። ሁለተኛ ራውተር ተፈቅዶልኝ ዛሬ ገዝቻለሁ።


ላብ አዘዞ
ሐምሌ 20፣ ከምሽቱ 3፡15

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። እኛም ቤት ያለውን ልጅ ይህን አስነብቤዋለሁ። ጣሪያውን እያየ ነው።


የድሮ መስመር
ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 1፡10

ጎሽ የኔ ልጅ። ሁለተኛው ራውተር የት ነው የሚሰካው? ያው ሶኬት ላይ እንዳይሆን።


የፒያሳው ቴክኒሻን
ሐምሌ 21፣ ከጠዋቱ 1፡25

አይደለም ጋሼ። ታችኛው ፎቅ፣ ካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ ከሌላ ቆጣሪና ከሌላ ባትሪ ነው። እሑድ ጠዋት እሰካዋለሁ፤ ከዚያ የላይኛውን ነቅዬ አያለሁ።